ዳማ ውሃዋን ያዘች

ይድረስ ለጌቴ፣ ሄዶም ከቤቴ ላልወጣው፤

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። ያለህበት ቦታ ብርድም ሐሩርም የለም ይላሉ የንስሐ አባታችን፤ እኔም እሳቸውን አምኜ ስለ ደህንነትህ አልጨነቅም። እኔ ደህና ነኝ። ለወግ ያልኩት እንዳይመስልህ፣ እውነትም ደህና ነኝ። ከተለያየን ዓመት ሞልቶ ጥቂት ሳምንታት አልፈዋል። ሙት ዓመትህ ተዘክሮ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የተዋስነው ድስት ሁሉ ወደየባለቤቱ ተመልሶ፣ ዛሬ ገና እጄ ከሥራ አረፈ። ወሬ ከመሃል ትጀምሪያለሽ እያልክ ትስቅብኝ ነበርና ዛሬ ለአንተ ስል ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ደብዳቤውን ልጃችን ማህደርም ማንበቧ ስለማይቀር፣ አንተ የምታውቀውን ደግሜ ብናገር አትሰልችብኝ።

ማህደር አንኮበር ማስተማር ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ብርዱ ከደብረ ብርሃንም ይብሳል እያለች ታማርራለች፣ ግን ከስታ አላየኋትም። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። በአጥሩ ጥግ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ አትቆጣ፣ የጎረቤትን ግድግዳ ሊጥል ነበር። ውሻችን አርጅቶ ለማያውቀውም ሰው ጭራውን መቁላት ጀምሯል። እኔም መነጽር አደረግኩ። አያምርብኝም፤ ነገር ግን ክር በመርፌ ለማስገባት ጎረቤት መጥራት ቀርቶልኛል።

አሁን ወደምትጠብቀው ልምጣ። በሕይወት ሳለህ ጠዋት ተነስተህ መጀመሪያ የምትዳብሰው የዳማን ኮፈን ነበር፤ እኔ ተራዬን ነበር የምጠብቀው። በአባትህ ፈረስ ስም የጠራሃት ያች ፒካፕ፣ ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር ገጥመህ፣ ሸራ አልብሰህ፣ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ሰው ስታመላልስባት የኖርክባት፣ እኛን ያበላች፣ ማህደርን ያስተማረች፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። የእሷ ሞተር ካንተ ልብ ቀድሞ ነበር የደከመው። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰንጥቆ ውሃው ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል አንተው ራስህ ይኼ አበቃለት ብለህ ነበር። ያን ጊዜ ነው የናፍጣውን ሞተር ከአዲስ አበባ ጭነህ ያመጣኸው። ሙሽራ እንዳመጣ ሰው እየሳቅክ የግቢውን በር ከፈትክ። ከዚያ ሸራ ደርበህ ከዶሮዎቹ ቤት አጠገብ አስቀመጥከውና፣ በሚመጣው ወር እገጥመዋለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እገጥመዋለሁ ስትል ልብህ ቀደመህ።

ዶሮዎቹ ሸራው ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። እኔም ስገባ ስወጣ ያን ሞተር እያየሁ አንዳንዴ አለቅስ ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ እሰድብህ ነበር። ስድቡ ይበዛ ነበር።

አርባህ እንዳለፈ ወንድምህ ተስፋዬ ከደብረ ሲና መጣ። አረርቲ ውስጥ አሮጌ ብረት የሚሰበስብ ሰው አግኝቻለሁ፣ ዳማንም ሞተሩንም አንድ ላይ ይወስዳል፣ አንቺም ትገላገያለሽ አለኝ። ክፋት የለውም፣ ታውቀዋለህ፤ እኔን ከሸክም ማሳረፉ ነበር። እኔ ግን ዳማ ተቆራርጣ በመዶሻ ስትቀጠቀጥ ታየችኝ። አይሆንም፣ አሠርቻት ራሴ እነዳታለሁ አልኩት። ተስፋዬ ሳቀ። አንተ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ እያሳቅክ መንዳት ስታስተምረኝ አንድ የገብስ ክምር መግጨቴን እስካሁን አልረሳልኝም። ሳቁን ሲጨርስ ግን ቁም ነገር ተናገረ። ገጠምሽው እንበል፤ ይህች መኪና በድሮው ሞተሯ እንኳ የጣርማ በርን ዳገት ሳትፈላ ወጥታ አታውቅም፤ ከዚያ የሚበልጥ ሞተር ጭነሽባት ያ አሮጌ ራዲያተር እንዴት ሊያበርድላት ነው አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ዳማ ውሃ አትይዝም ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ተስማማን። ለሙት ዓመትህ እናትህን፣ እማማ ዘነበችን፣ ከደብረ ሲና የማመጣቸው እኔ ነኝ። በዳማ ወርጄ በዳማ ካመጣኋቸው ዳማ የእኔ ሆና ትቀራለች። ዳገቱ ላይ ፈልታ ከቆመች ግን ሙት ዓመቱ እንዳለፈ ወደ አረርቲ ትሄዳለች፣ እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ተስፋዬ በዚህ ሲስማማ ፊቱ ላይ ሐዘኔታ አየሁበት፤ እሱ ደግሞ ከሳቁ ይልቅ አናደደኝ።

ጓደኛህን ይልማን ጠራሁት። መካኒክነቱን ታውቀዋለህ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ አመሉ ግን ቀኑን ሙሉ ማጉረምረም ነው። ሞተሩን መግጠሙ ብዙ አላስቸገረውም። የሞተሩን መቀመጫ ብየዳ ቤት ወስዶ አሰፋው፣ ካምቢዮውን አገናኘው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ጣጣው ያለው ውሃው ላይ ሆነ። የድሮው ሞተር ውሃውን የሚያስወጣው በቀኝ ነበር፣ አዲሱ ደግሞ በግራ ነው። ራዲያተሩ አፏን ወደ ድሮው ባሏ አዙራ አዲሱን አላይም እንዳለች ባልቴት ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ለይልማ ስነግረው አንቺን ነው የሚመስለው አለኝ። ደግ አደረገ አልኩት።

ይልማ መጀመሪያ ወፍራሙን የውሃ ጎማ ጠምዝዞ ሊያገናኘው ሞከረ። ጎማው ወገቡ ላይ እጥፍ አለ፤ በእንዲያ ያለ ጎማ እንኳን ፈልቶ የሚሮጥ ውሃ፣ ትንፋሽም አያልፍበት። ስለዚህ የብረት ቧንቧ በልኩ አስጎነበስን፣ ከሁለቱም ወገን አጭር አጭር ጎማ አለበስነው። አንተ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የውሃ ጎማው ተፈትቶብህ የተመለስክ ዕለት፣ ልሙጥ ብረት ጎማ አይዝም፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ሊኖረው ይገባል እያልክ ስትበሳጭ እራት አቅርቤልህ ነበር። ያ የራት ወሬህ ትዝ አለኝና የብየዳ ሠራተኛውን በየጫፉ ዙሪያውን ከፍ እንዲያደርገው አደረግኩት። ያኔ ሳትሰሚኝ ታዛጊያለሽ ብለኸኝ ነበር፤ እያዛጋሁም እሰማህ ነበር።

ቀጥሎ ማራገቢያው ነው። አዲሱ ሞተር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ ማራገቢያው ከራዲያተሩ ራቀ። እየዞረ ነው፣ ነፋሱ ግን በጎንና በጎን ይባክናል። ይሄ ለእኔ አልጠፋኝም፤ ከሰል ያያያዘ ሰው ማራገቢያውን ከሩቅ ቢያወዛውዘው አመዱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል እንጂ እሳቱ አይነሳም። ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ አስቆርጠን፣ ማራገቢያውን ዙሪያውን አቅፎ ራዲያተሩ ድረስ የሚደርስ ሰፊ ቀለበት አሠራን። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ፊት ለፊቷ ቢይዙ ጭልጥ አድርጋ ወደ ራሷ ትስበው ጀመር። ይልማ ማጉረምረሙን ለአንድ ከሰዓት ያህል ተወ።

የራዲያተሩን ክዳንም አስቀየርኩ። የድሮው ክዳን ላስቲኩ አልቆ ስለነበር ግፊት አይዝም። ይህን ያስረዳኸኝ በባቄላ ነው፣ ትዝ ይልሃል? ጣርማ በር ዘመዶችህ ጋ ባቄላ ጥጄ ውሃው ቶሎ እየፈላ ባቄላው አልበስል ሲለኝ፣ ደጋ ላይ ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ ስለዚህ ድስቱን በደንብ መክደን ነው፣ የዳማም ነገር እንዲሁ ነው ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባቄላ ስጥድ ስለ ራዲያተር የማስብ ሴት ሆንኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጣላን። ይልማ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ የሚይዘውን ቴርሞስታት አውጥቶ ሊጥለው ነበር። የመካኒኮቻችን ልማድ ነው፤ ውሃው እንደ ልቡ ይዙር፣ ምን ያቆመዋል ይላሉ። አንተ ግን የደብረ ብርሃንን ጠዋት እያነሳህ፣ ያለ ቴርሞስታት ሞተር ሳይሞቅ ይውላል፣ ሲያጨስ ይውላል ስትል ሰምቼሃለሁ። ይቀመጥ አልኩ። ይውጣ አለ። ጌትነት ቢኖር ያስቀምጠው ነበር አልኩት። ይልማ ቁልፉን መሬት ላይ ጣለና፣ ይሄ ሰውዬ ሞቶም አለቀቀኝ አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ይልማ ወደ ጓሮ ዞር ብሎ ትንሽ ቆይቶ ዓይኖቹ ቀልተው ተመለሰ። ቴርሞስታቱ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ አንኮበር አደረግን፤ ማህደርን ለማየትም ሰበብ ሆነን። እኔ እነዳለሁ፣ ይልማ አጠገቤ ተቀምጦ ከእግሩ በታች የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ገብስ እያጨዱ ያሉ ሰዎች ዳማን በድምጿ ሊያውቋት አልቻሉም፤ መልኳን ሲያዩ ግን ቀና ብለው እጃቸውን አነሱ። ግማሽ መንገድ ላይ ከኮፈኑ ሥር ጭስ የመሰለ እንፋሎት ወጣ። የሙቀት ጌጁን ባየው መርፌው ታች ተኝቷል። ሞተሩ እየፈላ ጌጁ ብርድ ነው ይላል። እውነቱን ልንገርህ ጌቴ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የአረርቲውን ሰው መዶሻ ሰማሁት።

ነገሩን ያገኘው ይልማ ነው፤ ምስጋናውን አልነፍገውም። ሞተሩን አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከፊት እያየ ሲዞር ቆየና፣ ይሄ ሞተር ከራዲያተሩ ረዥም ነው አለ። ውሃ የምንሞላው ከታች፣ አየሩ ታፍኖ የቀረው ከላይ ሞተሩ ራስ ላይ ነው። የጌጁ ጫፍ የተቀመጠው ደግሞ አየሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ከታች ያለው ውሃ ሲፈላ እሱ አልሰማም። ዳማን አቀዝቅዘን ቀስ እያልን ወደ ቤት ተመለስን፤ በማግስቱ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ የውሃ ጋን አስበይደን ከሞተሩ ራስ ጋር በቀጭን ጎማ አገናኘናት። ከእንግዲህ ውሃ የሚሞላው በእሷ ነው። ስንሞላም ዳማን አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገን ዳገት ላይ አቁመን፣ ሞተሯን አስነስተን፣ ክዳኑን ከፍተን ጠበቅን። ቡልቅ ቡልቅ እያለች አየሩን ስታወጣ፣ ጠብቶ የጠገበ ሕፃን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የማስገሳ መሰለኝ። ውሃው ጎደለ፣ ጨመርን፤ ጎደለ፣ ጨመርን። በመጨረሻ ጸጥ አለች። መርፌውም ቀስ ብሎ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንኮበር ደርሰን ስንመለስ ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀም።

ሙት ዓመትህ ታኅሣሥ ላይ ነው፣ የታኅሣሥን ውርጭ ደግሞ ታውቀዋለህ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ የናፍጣ ሞተር እንደዚያ ባለ ቀን መነሳት አይወድም። እዚህ ከተማ መኪና ያለው ሁሉ ራዲያተሩ ፊት ብርዱን የሚከልል ካርቶን ወይም የማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ነው የሚወጣው። እኔ ዳማን በካርቶን አስሬ ወደ እናትህ ደጅ አልወስዳትም አልኩና፣ ያን አሮጌ የመንዝ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችንን፣ በልኳ ቆርጬ፣ ጠርዙን ጠቅልዬ፣ ማሰሪያ አበጅቼ ሰፋሁላት። ሳስርላት ሽርጥ የታጠቀች ባለ ሙያ ሴት መሰለች። ይልማ እንኳ አማረባት ብሎ ቀጥ ብሎ አየኝ። መልካም መንገድ ብሎ ሸኘኝ፤ አብሬሽ ልምጣ ቢለኝም እምቢ አልኩት። ብቻዬን መውረድ ፈለግኩ።

ቁልቁለቱ ደህና ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈህ መውረድ ስትጀምር ሰው ሁሉ ልብስ መግፈፍ እንደሚጀምር ታውቃለህ፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ደብረ ሲና ሲደርሱ የደጋው ሰው ሁሉ ልብሱን በብብቱ ይዞ ነው የሚወርደው። እኔም ቦታውን ስደርስ እንደ ሁልጊዜው ጋቢዬን ገፍፌ ወንበሩ ላይ ጣልኩ። ደብረ ሲና ስገባ ፀሐይዋ ወገቧን ይዛ ቆማለች። እማማ ዘነበች ነጭ ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጉልበታቸው እንደታመመ ነው፤ ደግፈን ከፊት አስቀመጥናቸው። ተስፋዬ ሁለት ጄሪካን ውሃ ሞልቶ ከኋላ ወጣ። ይሄ ለምንድን ነው አልኩት። ለምንም አይደለም አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ከከተማው ገና ወጣ ስንል መርፌው ተነሳ። መሃሉን አለፈ። ዳገቱ ገና አልተጀመረም እኮ ጌቴ። ቀዩ ጋ ሳይደርስ ዳር ይዤ አቆምኩ። ተስፋዬ ጄሪካኑን ይዞ ወርዶ አጠገቤ ቆመ፤ አልኩሽ እኮ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ቧንቧውን አሰብኩ፣ ቀለበቱን አሰብኩ፣ ትንሿን ጋን አሰብኩ፣ ሁሉም ደህና ነበሩ። እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ እማማ ዘነበች በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አዩና፣ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ በዚህ ፀሐይ ባና ደርባ ነው እንዴ ዳገት የምትወጣው አሉኝ።

እኔ ጋቢዬን ገፍፌያለሁ። የዳማን አልገፈፍኩላትም። የሰፋሁላት ባና ከነማሰሪያው ደረቷ ላይ ተለጥፎ፣ ያ ሁሉ የለፋንበት ነፋስ እንዳይገባ በሩን ዘግቶባት ነበር። ተስፋዬ መጀመሪያ አፉን በእጁ ያዘ፣ ከዚያ ግን አልቻለም፤ ጄሪካኑን አስቀምጦ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። እናትህ ብቻ ሳይስቁ፣ ባናውን ወዲህ አምጡት፣ ጣርማ በር ላይ እኔ እለብሰዋለሁ ብለው ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ሞተሩ እየሠራ ጠበቅን። መርፌው ቀስ እያለ ወርዶ ቦታው ተመለሰ። የጄሪካኖቹ ክዳን አልተከፈተም።

ዳገቱን ከመውጣታችን በፊት ስለ ምንጯ ልንገርህ፤ አንተን አይደለም፣ ማህደርን ነው። ከደብረ ሲና ወደ ዋሻው ሲወጡ አንድ ኩርባ ላይ ምንጭ አለ። አባትሽ በየጉዞው እዚያ ሲደርስ መኪናው ይፈላል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ እሱ ውሃ ይቀዳል። ሾፌሮች ሁሉ የጌትነት ምንጭ ይሉት ነበር። እኔ ከዚያች ምንጭ በላይ ካለው መንደር ነኝ። ውሃ ቀድቼ ልሄድ ስል፣ እህት፣ መኪናዬን ጠጪ በያት ብሎ የለመነኝ አንድ ከሲታ ሰው አባትሽ ነው። ምንጩ አጠገብህ አይደለም እንዴ፣ ለምን ራስህ አትቀዳም አልኩት። አፈረ፣ ግን አልሄደም። ከተጋባን በኋላ ነው የነገረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከነበሩት ቀኖች በአንዳንዶቹ መኪናው ጨርሶ አልፈላም ነበር። ኮፈኑን ለይስሙላ ከፍቶ እኔ እስክወርድ ይጠብቅ ነበር። ተሳፋሪው ያውቅ ነበር አሉ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።

አንተ ከሄድክ ወዲህ በአውቶቡስ ሳልፍ እዚያ ኩርባ ስንደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስብ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ነበርኩ።

እና ያን ቀን ዳገቱን ጀመርን። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት። ዓይኔን ከመንገዱ ወደ መርፌው፣ ከመርፌው ወደ መንገዱ እመልሳለሁ። ፊት ለፊቴ የጫነ ከባድ መኪና እየተጎተተ ይወጣል፤ መቅደሙን ፈራሁት፣ ከኋላው ታግሼ ተከተልኩ። የሞተሩ ድምፅ አንዴም አልተለወጠም። እናትህ እመቤቴን በስሟ እየጠሩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጉሙ ከታች እየተከተለ ይመጣል፣ ዝንጀሮዎቹ አጥር ላይ እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ያዩናል። መርፌው መሃል ላይ ነው። አንድ ኩርባ፣ ሌላ ኩርባ፣ መርፌው መሃል ላይ ነው። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ብርዱ በመስኮት ገባ፣ እናትህ ባናውን ትከሻቸው ላይ ሳቡት። ከዚያ ድንገት ጨለማ ሆነ፤ ዋሻው ውስጥ ነበርን። መብራቴን አበራሁ፣ በወዲያኛው በኩል ወጣሁ፣ ሜዳውና በጎቹ ፊት ለፊቴ ተዘረጉ።

ተስፋዬ ከኋላ የጋቢናውን ጣሪያ በእጁ መታ። አቆምኩ። ወርዶ ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳረፈ፤ በሽተኛ ሲጠይቅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው ነበር። ወጣች አለኝ። ወጣች አልኩት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ወንድሜ ቢያይ አለና ቃሉን አልጨረሰውም። ሁለቱንም ጄሪካኖች እንደሞሉ አውርዶ፣ ዋሻው ጫፍ የበግ ለምድ ባርኔጣ ለሚሸጡት ሰዎች ሰጣቸው። ስለ አረርቲው ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ አንስቶም አያውቅም። እንዲያውም ሙት ዓመቱ ላይ ሰው ሁሉ ዳማን ከቦ ሲያይ፣ ስለ ውሃ ጋኗ ሲያስረዳ የሰማሁት እሱን ነው፤ ራሱ የፈለሰፋት ይመስል።

ደስታው ይህ ነው። አሁን ደግሞ ለአንተ ብቻ የምነግርህ አለኝ።

ዋሻውን ካለፍን በኋላ እናትህ እጄን ያዙኝና፣ ልጄ፣ ምንጯን ስናልፍ ዝም አልሽ፣ እኔም ሆድ እንዳላስብስሽ ብዬ ዝም አልኩ አሉኝ።

ምንጯን አላየኋትም፣ ጌቴ። የት ጋ እንዳለፍኳት አላውቅም። ነጠላዬን አልሳብኩም፣ አላለቀስኩም፣ አንተን አላሰብኩም። መርፌውን እያየሁ ነበር። ዓመት ሙሉ ከእኔ ተለይተህ የማታውቀው ሰው፣ አንተን ባወቅኩበት ቦታ ላይ ከእኔ ጋር አልነበርክም። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል። አንዱ የባና ጫፍ እኔ ጉልበት ላይ እንዲደርስ ገፋ አድርገው ዘረጉልኝና፣ በይ ነጂ፣ ሰው ይጠብቀናል አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። አሁን አልከፋኝም። በሳምንት ሁለት ጊዜ በገበያ ቀን ደብረ ሲና እወርዳለሁ፤ ተሳፋሪዬ ብዙ ነው፣ ሴት ሾፌር እያሉ የሚመርጡኝም አሉ፣ የሚፈሩኝም አሉ። ሾፌሮቹ እኔንም በአንተ ስም ነው የሚጠሩኝ። ዳማ ውሃዋን ይዛ ትወጣለች፣ ይዛ ትገባለች። እንቅልፌ ተመልሷል። ማታ ስበላ ጣዕሙ ይታወቀኛል። ይህን ስጽፍልህ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ፤ ብትቀየምማ ኖሮ ሞተሩን አታመጣውም ነበር።

አንተን ማስታወስ እስካሁን አላደከመኝም፤ ግቢው ውስጥ የቆመችው ዳማ ስገባ ስወጣ ታቆመኝ ነበር፣ ቆሜ አስታውስህ ነበር። አሁን የሚያቆመኝ የለም። ስለዚህ ቃል የምገባልህ አዲስ ነገር ነው። መንገዱ ላይ ማንም ሳያስቆመኝ፣ ሰው ጭኜ፣ ሥራዬን እየሠራሁ፣ አንዳንዴ እየሳቅኩም አስታውስሃለሁ። በአንዳንዱ ቀን ምንጯን ሳላያት ባልፍ፣ ረስታኝ ነው አትበል። ዳገቱ እየተወጣላት ነው በል።

ያንተው ብርቄ
ከደብረ ብርሃን